ባለቤቴን መልስልኝ ብዬ ስለምን

የእግዚአብሔር ስም የተመሰገነ ይሁን። ይህን ለመመስከር ብዙ ዘግይቻለሁ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው የታሪካችንን መጀመሪያ ስለሆነ፣ የቀረውን ማውራት ምስጋና ማጉደል ይመስለኝ ነበር።

ባለቤቴ በመኪና አደጋ ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ሲገባ ሐኪሞቹ የንቃቱን ልክ 7 ብለው መዘገቡ። መለኪያው ከ3 እስከ 15 ነው፤ 8 እና ከዚያ በታች ከባድ ጉዳት ይባላል። ጸለይን። ዓይኑን ገለጠ፣ ስሜን ጠራ፣ በእግሩ ሄዶ ወጣ። ያኔ በእልልታ ያመሰገንኩትን አሁንም አመሰግናለሁ።

ቤት የገባው ሰው ግን እኔ የማውቀው አልነበረም። መልኩ ያው፣ ድምፁ ያው። ልጃችን ማንኪያ ከእጁ ሲያመልጠው ቤቱ እስኪናወጥ ይጮኽበታል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው?" ይለዋል። ከልቡ ነው የሚጠይቀው። የጀመረውን ወሬ መሀል ላይ ይጠፋበታል። ሁለት ሰው አንድ ላይ ካወራ ጆሮውን ይዞ ይወጣል። አንድ ቀን የሚያር ነገር ከውጭ ሸተተኝና ሮጬ ስገባ፣ ድስቱ ከስሎ እሱ ለምድጃው ጀርባውን ሰጥቶ ስልኩን ያያል። "ምነው፣ ምን ተፈጠረ?" አለኝ።

ክፉ መንፈስ ነው ያለ አለ። ሆን ብሎ ነው፣ አትታገሺው ያለችም አለች፤ ይቺኛዋ የባሰች ናት፤ ልቤ ሊያምናት ደርሶ ነበርና። ሌሊት ሌሊት "የቀድሞውን ሰው መልስልኝ፤ ካልሆነም ምን እንደያዘው አሳየኝ" እያልኩ እለምን ነበር። ሁለተኛውን የምጨምረው እንዲያው ለማሟያ ያህል ነው። የተመለሰልኝ ግን እሱ ነው።

በጸሎት ኅብረታችን ነርስ የሆነች እህት ነበረች። የድስቱን ነገር ስናገር ሌሎቹ ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም። "ሽታ ይሸተዋል?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ እኮ አስቤው አላውቅም! ሄጄ ሽቶ አፍንጫው ሥር ብይዝለት ምንም የለም። የነርቭ ሐኪም ዘንድ የወሰደችን እሷ ናት። ይህን አጋጣሚ ነው የሚለኝ ሰው ካለ አልከራከረውም፤ እኔ ግን የላካትን አውቃለሁ።

ሐኪሟ በእርጋታ አስረዱን። የሽታ ነርቮች በጣም ቀጫጭን ናቸው፤ ከአፍንጫ በላይ ባለ ቀዳዳ በበዛበት አጥንት ያልፋሉ፤ አንጎል በኃይል ሲናጥ ይበጠሳሉ። ከዚያው በላይ ያለው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ ቁጣን የሚገታው፣ ሥራን በቅደም ተከተል የሚያስይዘው ነው። "ፍሬኑ ነው የላላው" አሉኝ። የጭንቅላቱ ምስል፣ ሲቲ ስካኑ፣ "ደም የለም" ስላለ ድኗል ብለን ነበር፤ የነርቭ ክሮች ተወጥረው ሲጎዱ ግን ሲቲ ስካን ብዙ ጊዜ አያሳይም። ኤምአርአይ በሚባለው ሌላ ምስል ላይ ጥቃቅን የደም ነጠብጣቦች ታዩ። ከከባድ ጉዳት በኋላ ለውጡ ለወራት፣ ለዓመታትም ሊቀጥል፣ አንጎል መጠኑ ሊቀንስም እንደሚችል ነገሩን። ወንበሩ ላይ ሆኜ አለቀስኩ። ከማዘኔ ይልቅ እፎይታዬ በለጠ፤ ባሌ አልከፋብኝም፣ ቆስሎ ነው!

ስለ ፊኒያስ ጌጅ የሰማሁትም እዚያ ነው። በ1848 አሜሪካ ቬርሞንት ውስጥ ባቡር ሐዲድ ሲሠራ የብረት ዘንግ ጭንቅላቱን በስቶት ወጣ። ተረፈ፤ የሚያውቁት ግን ይህ እሱ አይደለም እስኪሉ ጠባዩ ተለወጠ። ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆማል። ጌጅ ግን በኋላ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት በፈረስ የሚጎተት የመንገደኞች ሠረገላ ነድቷል። በ1860 የሞተው የሚጥል ሕመም ጸንቶበት ነው። የኔም ባል አንድ ሌሊት ጥሎት ነበርና ለዚያ ክኒን ታዘዘለት። "ካመናችሁ መድኃኒቱን ተዉት" ላሉን፣ ክኒኑንም ጸሎቱንም አንተውም ብያለሁ። ኤልያስ ሞቱን በለመነ ጊዜ አምላክ መጀመሪያ የሰጠው እንቅልፍና ምግብ አልነበረም እንዴ?

አሁን ቀኑን በደብተር ይጽፋል። ቤት ውስጥ የምናወራው ተራ በተራ ነው። ከሰዓት በኋላ ይተኛል፤ ማንም ሰነፍ አይለውም። ቁጣው ሲመጣ ቀድሞ ያውቀዋል፤ "ልውጣ" ብሎ ይወጣል፣ በርዶለት ይመለሳል። ልጃችን አይፈራውም፤ "አባዬ፣ ደከመህ?" ይለዋል።

ሽታው አልተመለሰም፤ ግማሽ ቀን ሠርቶ ይዝላል። ሌሊት እንቅልፍ ስለሚያስቸግረው ለእሱ አብራችሁን ጸልዩልን። እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ያላችሁ ደግሞ ስሙ ባይጠራም ጻፉልኝ፤ በጸሎት ዝርዝሬ ላይ አስገባዋለሁ።