ከብርጭቆው የወጣው ስኳር ኪስ ይግባ

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ሲጠና ሻይ እንደ ምግብ አይቆጠርም፤ እጅ ማሞቂያ ነው። ጣጣውም እዚያው ይጀምራል። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። በብርጭቆ 3 ማንኪያ፣ በቀን 4 ብርጭቆ ሲጠጣ 48 ግራም ይሆናል። የስኳር ታማሚ ሆኖ «እኔ እንኳ ጣፋጭ አልነካም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ይህን አልቆጠረውም። ስለዚህ ቅነሳው ከእንጀራው በፊት ከሚጠጣው ይጀመር፤ በውኃ የሟሟ ስኳር የሚያዘገየው ነገር ስለሌለ ደም ውስጥ ለመግባት ደቂቃዎች ይበቁታል።

ባንዴ መተው የከበደው በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንስ፤ ከ3 ማንኪያ ተነስቶ በ6 ሳምንት ባዶ ይደርሳል። ምላስ ይለምዳል። ቀረፋና ቅርንፉዱ ከመጀመሪያው አብሮ ይፍላ፤ መጨረሻ ላይ ጣል ከተደረገ መዓዛው አይወጣም። ሻይ ቤት ስኳሩ ብርጭቆው ሥር ተደርጎ ሊመጣ ስለሚችል «ያለ ስኳር» ሲያዙ ነው መናገር። «ሳላማስል እጠጣዋለሁ» የሚሉትም ብልሃት አይደለም፤ ትኩሱ ሻይ ራሱ ያሟሟዋል።

ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ደግሞ ሙቀቱ ለስላሳና ጭማቂ ያስመኛል። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ። ማንጎ ራሱ ጠላት አይደለም፤ ግማሹን ቆርጦ ከምግብ ጋር መብላት ይቻላል። ሦስት ማንጎ ጨምቆ ባንድ ትንፋሽ መጠጣት ግን ሌላ ነገር ነው።

ከሁሉ የሚያታልለው ማር ነው። «የተፈጥሮ ነው» ተብሎ ብርዝና አብሽ በማር ለታማሚ ይቀርባል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ግን 17 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል። በሶም ስኳር ባይነካው ዱቄት ነው። ገብሱ ዱቄት ሳይሆን፣ ቆሎ ሆኖ ቢታኘክ ሆድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይፈጫል፤ ስለዚህ አንድ እፍኝ ቆሎ ይሻላል።

አሁን ወደ አደጋው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚውጥ ሰው መድኃኒቱ የተመጠነው ከነጣፋጭ ሻዩ ሊሆን ይችላል። ሻዩ ሲቀር የመድኃኒቱ መጠን ካልተስተካከለ የደም ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ቅነሳውን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ሌላው የስኳር ክኒን፣ ሜትፎርሚን፣ ብቻውን ይህን እምብዛም አያመጣም። በጾም እስከ 9 ሰዓት እየቆዩ የጠዋቱን ክኒን እንደ ወትሮው መዋጥ፣ ወይም በባዶ ሆድ አረቄ መቅመስም ያው ነው፤ አረቄው ጉበት ስኳር እንዳይለቅ ያግዳል።

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ግራ መጋባት ሲመጣ ይለካ። የደም ስኳሩ ከ70 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ፣ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ መጠጣት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፤ ካልወጣ መድገም፤ ከዚያ ምግብ መብላት። ቸኮሌት እዚህ አይሆንም፣ ቅባቱ ያዘገየዋል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ሩጫው ወደ ሆስፒታል ነው።

4ቱ ማንኪያ ስኳር በወረቀት ተጠቅልሎ ኪስ ይቀመጥ። ክረምት ላይ እርጥበት ስለሚያድርበት ላስቲክ ይደረብበት፤ በየትኛው ኪስ እንዳለም የቤቱ ሰው ሁሉ ይወቅ።