የጭቃ ክፍሏ እዚህ ደርሳለች

ሰላም ሰላም፣ ስለ ጭቃ ክፍሏ ለጠየቃችሁኝ አፕዴት ይኸው። እንደ ጥበብ ስራ እየሰራኋት ያለች፣ ሰው ገብቶ የሚቆምባት ትንሽ ክብ ክፍል ናት፣ ፕሮጀክተር የለ ስፒከር የለ፣ አፈር ጭድ ውሃና ከላይ የሚገባ ብርሃን ብቻ።

መነሻዬ መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየም ነው፣ ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ መስርተውት እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው። ስትሄዱ ከኤግዚቢሽኑ በፊት ግድግዳውን እዩልኝ፣ ያው አያቶቻችን ቤት የሰሩበት ጭቃና ጭድ ነው ግን ላዩ ላይ በወጣው ቅርጽ ህንጻው ራሱ የጥበብ ስራ ሆኗል።

እስካሁን ብዙ የተማርኩት ከማቡካቱ ነው። አፈሩን በጠርሙስ ከውሃ ጋር ነቅንቃችሁ ስታስቀምጡት አሸዋው ቶሎ ከታች ይቀመጣል፣ ሸክላው ቆይቶ ከላይ ይረጋል፣ መጠኑ በአይን ይታያል። ሸክላ ከበዛ ይሰነጠቃል፣ አሸዋ ከበዛ አይያያዝም። የኛ ሰፈር ደግሞ ዋልካ ነው፣ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ቀይ አፈርና አሸዋ ቀላቀልኩበት፣ ከዛ የጤፍ ጭድ ገብቶ በእግር እየተረገጠ ውሃ እየጠጣ ለቀናት ይቦካል፣ ሽታው ከባድ ነው ግን ጭዱ ሲለሰልስ ጭቃው ሌላ ነገር ይሆናል፣ እጅ ላይ ያስታውቃል። ምርጊት የሚያውቁ አንድ ጋሼ ናቸው ያሳዩኝ፣ መጀመሪያ ወፍራሙ ይመረጋል፣ እሱ ደርቆ ሲሰነጠቅ በደቃቅ ጭድ የተቦካው ልስን ይከተላል። ቅርጽ የማወጣው ልስኑ ጣት ላይ ሳይጣበቅ ምልክት ሲይዝ ነው፣ ያቺ ሰዓት ካለፈች አለቀ።

አርቲስቱ ኦላፉር ኤሊያሰን ከጂኦሎጂስቱ ሚኒክ ሮሲንግ ጋር ከግሪንላንድ ትልልቅ በረዶ አምጥቶ ኮፐንሃገን፣ ከዛ በ2015 ፓሪስ፣ በ2018 ለንደን አደባባይ ላይ አስቀምጦ ነበር፣ ሰው እየዳሰሰው ቀለጠ። በጣም የምወደው ስራ ነው፣ እጃችን ምን እንደሚያጠፋ ያሳያል። እኔ ግን እጅ የሚያቆየውን ማሳየት ነው የምፈልገው፣ ጭቃ ቤት ከክረምት በኋላ ካልተለሰነ አይቆይም። ስለዚህ አንዱን ጎን ሳልጨርስ ልተወው ነው፣ የሚገባ ሰው ሁሉ ከገንዳው ጭቃ አንስቶ ይለስናል።

አሁን ጣሪያው ቀርቶኛል። ሳር ክዳን የሰራችሁ ካላችሁ፣ መሀሉ ላይ ብርሃን የሚገባበት ክፍተት ትቼ ዝናቡን እንዴት ነው የማስቀረው?