ሳህን ያላጠብንባቸው ስድስት ሌሊቶች

መርከቡ ላይ በገባን በመጀመሪያው ማታ፣ እራት በልተን እንደጨረስን እናቴ ሳህኖቹን ሰበሰበች። የእኔን ሳህን በራሷ ሳህን ላይ፣ የእህቴን በእኔው ላይ ደረበች። ፍርፋሪውን ወደ አንዱ ጠረገች። ከዚያ ብድግ ብላ ማጠቢያው በየት በኩል እንደሆነ በዓይኗ ፈለገች። አስተናጋጁ ሮጦ መጥቶ ተቀበላት። "ተቀመጪ እንጂ እማዬ" አልናት። ተቀመጠች። እጆቿን ግን የት እንደምታደርጋቸው ግራ ገባት።

አምስት ነን። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ታናሽ እህቷ፣ ሁላችንም እታለም የምንላት፣ 64። እኔ፣ እህቴና የእህቴ የ16 ዓመት ልጅ። ዕድሜ ልካችንን የምንገናኘው በሠርግ፣ በክርስትና ወይም በለቅሶ ነው። ያኔ ደግሞ አንዷ ትከትፋለች፣ አንዷ ታማስላለች፣ አንዷ ታቀርባለች። አምስታችንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በአንድ ጊዜ የተቀመጥንበትን ቀን ለማስታወስ ብሞክር አንድም አልመጣልኝም። ይህን ለእህቴ ነገርኳት። እሷም ስታስበው ከረመች። የዕቁቤ ዕጣ ሲወጣ ደውላ "በቃ፣ ክሩዝ እንሂድ" አለችኝ።

ከማያሚ ተነስቶ ጃማይካን፣ ግራንድ ኬይማንንና የሜክሲኮዋን ኮዙሜል አዳርሶ የሚመለስ የስድስት ሌሊት የመዝናኛ መርከብ ጉዞ መረጥን። ከእናቶቻችሁ ጋር ለመሄድ ለምታስቡ፣ ክፍሉን ከመርከቡ መሐል፣ ዝቅ ካለው ወለል ላይ ያዙ። ማዕበሉ እዚያ ብዙ አይሰማም። እኛ በውስጥ በር የሚገናኙ ሁለት ክፍሎች ወሰድን፤ በሩ ስድስቱንም ሌሊት አልተዘጋም። ጉርሻ፣ ኢንተርኔትና አብዛኛው መጠጥ ለብቻ ስለሚከፈል ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ስልካችሁንም ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። በባሕር ላይ ያለው የስልክ ኔትወርክ በሳተላይት ስለሆነ ሳታውቁት ከባድ ሂሳብ ይቆጥርባችኋል።

ከመነሳታችን በፊት የአደጋ ጊዜ ልምምድ ነበር። ሰባት አጭር፣ አንድ ረጅም የጡሩምባ ድምፅ ሲሰማ ሁሉም ወደተመደበበት ቦታ ይሄዳል። የእህቴ ልጅ እንዲህ ያለው የባሕር ደኅንነት ሕግ የመጣው ከታይታኒክ መስመጥ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1914 ከተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት እንደሆነ ለአያቷ አስረዳቻት። ባታስረዳት ይሻል ነበር። እማዬ ያን ሌሊት ላይፍ ጃኬቱን ከአልጋዋ ሥር አውጥታ ትራሷ አጠገብ አስቀምጣ ተኛች።

ሁለተኛውን ቀን በሙሉ ባሕር ላይ ዋልን። እታለምን አዞራት። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው መድኃኒት፣ ዝንጅብልና አሻግሮ አድማሱን ማየት አሻላት። ማታ ላይ ደህና ሆነች።

የዚያን ቀን ሌላም ጉዳይ ነበረን። ክፍላችንን የሚያዘጋጀው ከፊሊፒንስ የመጣ ወጣት ነው። ጠዋት ሲገባ አልጋዎቹ ተነጥፈዋል፣ ፎጣዎቹ ታጥፈዋል፣ መታጠቢያ ቤቱ ተወልውሏል። እማዬ ከንጋቱ ተነስታ ጨርሳዋለች። ልጁ ሳቀ። በሁለተኛው ጠዋት ግን በትሕትና ለመናት። እማዬ በእህቴ ልጅ አስተርጓሚነት ቤተሰብ እንዳለው ጠየቀችው። የአራት ዓመት ልጅ አለችው፤ ካያት ሰባት ወር ሆኖታል። እማዬ ዝም ብላ ሰማችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ መረቀችው፤ ረጅም ምርቃት ነበር፤ ልጁ ቃሉ ባይገባውም አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ጨረሰ። ከዚያ ወዲያ አልጋውን ተወችለት። ሲያነጥፍ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስለ ልጁ ትጠይቀው ነበር። በየማታው ፎጣውን አጣጥፎ ዝሆን ወይም ጦጣ እየሠራ አልጋዋ ላይ ያስቀምጥላት ጀመር። አንዱንም እንድንፈታው አልፈቀደችም።

በሦስተኛው ቀን የጃማይካዋ ኦቾ ሪዮስ ደረስን። የደንስ ሪቨር ፏፏቴ እንደ ደረጃ እየተደራረበ ወደ 180 ሜትር በሚሆን ርዝመት ወርዶ ቀጥታ ባሕሩ ውስጥ ይገባል። ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ሰንሰለት ሠርተው ከታች ወደ ላይ ይወጡታል። እኔ፣ እህቴና ልጇ ገባን። እማዬና እታለም በጎን ባለው ደረጃ ነጠላቸውን አጣፍተው እኩል እኩላችን ወጡ። "ያን ድንጋይ ተጠንቀቂ!" ሲሉ ድምፃቸው ከፏፏቴው በላይ ይሰማ ነበር።

ስንመለስ አንድ ጸጉሩን ያንጨባረረ ሽማግሌ ከእንጨት የተጠረቡ ዕቃዎች ይሸጣል። ነጠላውን ሲያይ ከየት እንደመጣን ጠየቀ። ነገርነው። እማዬን ትኩር ብሎ አያትና "ንጉሡን በዓይንሽ አይተሻቸዋል?" አላት። ጃንሆይ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ያረፉበትን ቀን ራስተፈሪያኖች እስከ ዛሬ ያከብሩታል፤ ጥያቄው ለሱ ቀላል አልነበረም። እማዬ "አዎ፣ አንዴ" አለች። ትምህርት ቤት ተሰልፈው፣ ጫማ የሌላቸው ልጆች ከኋላ እንዲቆሙ ተደርጎ፣ እሷ ከኋላ ሆና በጓደኛዋ ትከሻ ላይ አሻግራ እንዳየቻቸው ነገረችው። ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ የደነገጥኩት በሌላ ነገር ነው። ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም። ከኋላ እንደቆመችም፣ ጫማ እንዳልነበራትም። መቼ ትነግረኝ? መቼ ቁጭ ብላ?

ግራንድ ኬይማን ላይ ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች የሚጠጉበት ወደብ የለም። መርከቡ ራቅ ብሎ መልሕቅ ይጥላል፤ ሰው በትንንሽ ጀልባ ይሻገራል። እማዬ ወደ ጀልባዋ ስትረግጥ ሁለት ሠራተኞች ግራና ቀኝ ያዟት። እህቴና ልጇ ስቲንግሬይ የሚባለውን፣ ጅራቱ ላይ መርዛማ እሾህ ያለውን ጠፍጣፋ ዓሣ ሊያዩ ሄዱ። ዱሮ ዓሣ አጥማጆች እዚያ አሸዋማ ቦታ ዓሣ እያጸዱ ትርፍራፊውን ሲጥሉ እንስሶቹ መሰብሰብ ለመዱ ይባላል። ውኃው ወገብ ድረስ ነው፤ እንዳይረግጧቸው እግር እየጎተቱ ይሄዳሉ። ቆዳቸው እንደ እርጥብ ከፈይ ይለሰልሳል ብለው ተመለሱ። እኛ ሦስታችን ባሕር ዳር ጥላ ሥር ስናወራ ዋልን።

ኮዙሜልን ግን በደንብ ልንገራችሁ።

አብዛኛው ሰው እዚያ የሚወርደው ከባሕሩ ሥር ያለውን የኮራል ድንጋይ ለማየት ነው። እኛ ታክሲ ይዘን ሳን ኸርቫስዮ ወደሚባለው፣ ማያ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝብ ወደሠሩት ፍርስራሽ ሄድን። ጫካ ውስጥ ያለ፣ በነጭ ድንጋይ የተሠራ ነው። እዩን ብለው አይጮኹም፤ ዝቅ ያሉ፣ የቤት ቁመት ያላቸው ሕንፃዎች ናቸው። በየድንጋዩ ላይ ኢጓና የሚባል ትልቅ እንሽላሊት ፀሐይ ይሞቃል። ስፔኖች እ.ኤ.አ. በ1518 ከመድረሳቸው በፊት ቦታው የኢሽቼል መቅደስ ነበር። ኢሽቼል የወሊድና የአዋላጆች አምላክ ናት። የማያ ሴቶች ከዋናው ምድር በታንኳ እየቀዘፉ፣ ያን ኃይለኛ ሞገድ ተሻግረው ወደሷ ይመጡ ነበር። ልጅ ለማግኘት፣ በሰላም ለመገላገል። አስጎብኚዋ እንዳለችን አንዲት ሴት ቢያንስ በሕይወቷ አንዴ መምጣት ነበረባት።

ላስ ማኒታስ፣ ማለትም ትንንሾቹ እጆች፣ የሚባል ሕንፃ አለ። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የታተሙ የእጅ መዳፎች አሉ። ደብዝዘዋል፤ ግን ጣቶቹ ይለያሉ። የእህቴ ልጅ ሳትነካ መዳፏን ከርቀት አስተካክላ ለካች። "ከኔ ያንሳሉ" አለች በሹክሹክታ።

ዞር ስል እታለም ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። እታለም አልወለደችም። ያገባችውም ለጥቂት ዓመት ነው። እኛን ግን በጀርባዋ ያዘለችን፣ ትኩሳት ሲይዘን ያደረችብን፣ ለትምህርት ቤት ጸጉራችንን የሠራችን እሷ ናት። ስለ አለመውለዷ በቤታችን ተወርቶ አያውቅም። የማይነሳ ነገር ነበር።

"እኔም እኮ ባውቅ በታንኳ እመጣ ነበር" አለች።

እናቴ አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች። "ምን ጎደለሽ? እነዚህ አሉልሽ አይደል" አለቻት።

"እነሱ ያንቺ ናቸው፣ እታባ።"

በቁጣ አልነበረም። እንዲያው እውነቱን ነው የተናገረችው። እናቴ መልስ አላገኘችም። እጇን ያዘችና ሁለቱ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተቀመጡ። ቢምቢው ይነክሰን ነበር፤ ማንም አልተነሳም። እቤት ቢሆን ኖሮ አንዷ "ቡናው ሊፈላ ነው" ብላ ትነሳ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከዚያ ወደ ወደቡ ተመልሰን የብር ጌጣጌጥ የሚሸጥበት ሱቅ ገባን። እማዬ የእጅ ሰዓቷን አይታ "ሰዓት አልደረሰም እንዴ?" አለች። ስልኮቻችንን አየን። ከቀኑ 9፡45 ይላሉ። መሳፈሪያው 10፡30 ነው። "ሰዓትሽ ተበላሽቷል፣ ገና ነው" አልናት። እሷ ግን ማያሚ ከተነሳን ጀምሮ ሰዓቷን አልነካችም። ኮዙሜል እንደ ማያሚ በሞቃቱ ወራት ሰዓት ወደ ፊት አያዞርም፤ ስለዚህ በሐምሌ ከማያሚ በአንድ ሰዓት ይዘገያል። መርከቡ የሚሄደው ደግሞ በማያሚ ሰዓት ነው። ስልኮቹ የደሴቱን ይዘዋል። መሳፈሪያው ካለፈ 15 ደቂቃ ሆኗል፤ መርከቡ ሊነሳ የቀረው 15 ነው።

እህቴ ለሠራተኞቹ ልትነግር ቀድማ ሮጠች። ከወደቡ ወደ መርከቡ የሚወስደው ድልድይ እንዲህ ረጅም መሆኑን ጠዋት አላስተዋልኩም። እማዬን እኔና እታለም ግራና ቀኝ ይዘናት እየተንደረደርን ሄድን። ከፎቅ በረንዳዎቹ ላይ ሰዎች ያጨበጭቡልን ነበር። የደረስነው የመጨረሻዎቹ ሆነን ነው። እባካችሁ፣ ከመርከብ ስትወርዱ አንዳችሁ የመርከቡን ሰዓት የያዘ የእጅ ሰዓት እሰሩ።

በመጨረሻው ማታ እራት ላይ አስተናጋጁ ሳህን ሊያነሳ ሲመጣ እናቴ ንቅንቅ አላለችም። ወሬ ይዛ ነበር። እታለም ተወልዳ ሳለች እሷ እንዴት አድርጋ እንዳዘለቻት እየነገረችን ነበር።

በማግስቱ ማያሚ ስንወርድ አምስታችንም አንድ ላይ ፓስፖርት ቁጥጥሩ ጋ ቀረብን። መኮንኑ ፊታችንን ከፓስፖርቶቹ ጋር አስተያየና እታለምን ጠየቃት። እኔንና እህቴን እያሳየ "እነዚህ ምንሽ ናቸው?"

እታለም ወደ እናቴ አየች። እናቴ ቀድማ መለሰች። "የሁለታችንም ልጆች ናቸው።"

የእህቴ ልጅ ተረጎመችለት። መኮንኑ ፓስፖርቶቹን መለሰልን፤ ሻንጣዎቻችንን ልንፈልግ ሄድን።