የሚያፏጨው ጠርዝ

በብሽሽት ላይ ከተሰፋ የቀዶ ሕክምና ቁስል ፈሳሽ የሚስበው መሣሪያ አላርሙ ሌሊቱን ሦስቴ ጮኸ። ባትሪው ተቀየረ፣ ቱቦው ተፈተሸ፤ ዝም አላለም። ጆሮ ጠጋ ሲደረግ ከብሽሽቱ እጥፋት ቀጭን ፉጨት ይሰማል፦ በቁስሉና በስፖንጁ ላይ የተለጠፈው ፕላስቲክ ሽፋን ጠርዙ የጣት ጥፍር ያህል ተነስቷል። ሽፋኑ የተለጠፈው የቆዳ ማጽጃው ሳይደርቅ ነበር።

ትንሽ ቀዳዳ ናት፤ ግን ሥራውን ሁሉ ታፈርሳለች። በተሰፋ ቁስል ላይ መሣሪያው ብዙ ጊዜ በ80 ወይም በ125 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ኔጌቲቭ ግፊት (ከአካባቢው አየር ግፊት ባነሰ ግፊት) እየሳበ የስፌቱን ጠርዞች ገጥሞ ይይዛል፣ ፈሳሽ ይመጥጣል፣ ጀርም ከውጭ እንዳይገባ ይዘጋል። አየር ከገባ ስፖንጁ እርጥብ ጨርቅ ነው፤ እርጥበቱ ቆዳውን ያላላል፣ ባክቴሪያም ይራባበታል። ለዚህም ነው መሳቡ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆመ ስፖንጁ ተነስቶ ሌላ አለባበስ የሚደረገው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. መመሪያው ይህን ዘዴ ያቀረበው ለኢንፌክሽን በጣም ለተጋለጡ፣ ለተዘጉ ቁስሎች ነው፤ ያውም አቅም ሲፈቅድ። በትክክል ካልተለጠፈ ግን አቅሙም ይባክናል።

እጥፋት ላይ ሲለጠፍ ፀጉሩ በመቁረጫ ማሽን ይነሳ እንጂ አይላጭ፤ ማጽጃው ራሱ እስኪደርቅ ይጠበቅ፤ እግሩ ቀጥ ብሎ ሽፋኑ ሳይወጠር ይለጠፍ። ስፖንጁ ተጨማዶ ጠንከር ካላለ ሕመምተኛው ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ አይውጣ።