ጄል፣ እርሾና የጎንደር ከፍታ

የዘንድሮው የቤተ ሙከራችን ወሬ ሁሉ ጄል ነው። አልጂኔት ከሚባል ዱቄት እርጥብ የቁስል መሸፈኛ መሥራት እየተለማመድን ነው። ውሎ አድሮ መድኃኒት ይዞ ቀስ እያለ የሚለቅ እንዲሆንልን እንመኛለን። ለምን ቁስል ካላችሁ፣ ጎንደር ተቀምጦ ቁንጭርን፣ ያን ቆዳ የሚያቆስል በሽታ፣ አለማሰብ ይከብዳል። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ በደጋው አገራችን ተሕዋሲው ሽኮኮ ላይ ይኖራል። ፊት ላይ ሲወጣ ጠባሳው ዕድሜ ልክ ሊቀር ይችላል። ግን አትቸኩሉብን፤ መድኃኒት ገና አልነካንም።

አልጂኔት የሚወጣው ከቡናማ የባሕር አልጌ ነው። እኛ ባሕር ስለሌለን ከውጭ ይመጣል፤ እያንዳንዷ ግራም ትቆጠራለች። 2 ግራም ዱቄት ለ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ። ባንዴ ከገለበጡት ይጓጉላል። እንደ ገንፎ ዱቄት እየነሰነሱ ማማሰል ነው፣ ከዚያ ለሰዓታት ስቲረር (ራሱ የሚያማስል መሣሪያ) ላይ መተው። ሲሟሟ በስሪንጅ ካልሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው የሟሟበት ውሃ ውስጥ ጠብ ጠብ ማድረግ። ካልሲየሙ የአልጂኔቱን ሰንሰለቶች እርስ በርስ ያያይዛቸዋል፤ ጠብታዋ ወዲያው ክብ ፍሬ ትሆናለች። የቧንቧ ውሃ የማንጠቀመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ውስጡ ካልሲየም ስላለ ማያያዙን ሳንፈልገው ይጀምረዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የካልሲየም ክሎራይዱን ጠርሙስ አንብቡ። 100 ሚሊሞላር የሚባለውን የሙሙት ጥንካሬ ለማዘጋጀት ለአንድ ሊትር ከደረቁ (ውሃ ካልያዘው) 11.1 ግራም ይበቃል። ሁለት የውሃ ሞለኪውል የያዘው ከሆነ 14.7 ግራም ነው። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ በዓይን አይለዩም።

ዘንድሮ ብዙ የተማርነው ግን ከአውቶክሌቩ፣ በግፊት እንፋሎት እቃ ላይ ያለውን ተሕዋሲ ከሚገድለው (ከሚያመክነው) ማሽን ነው። ፕሮቶኮሎቹ (የአሠራር መመሪያዎቹ) ሁሉ «121 ዲግሪ፣ 15 ፒ.ኤስ.አይ፣ 15 ደቂቃ» ይላሉ፤ ፒ.ኤስ.አይ የግፊት መለኪያ ነው። እኛም እንደ ዳዊት ደግመነዋል። ሁላችን ጋሼ የምንላቸው ቴክኒሻን ናቸው ያስቆሙን። «ልጆች፣ ይሄን ወረቀት የጻፈው ሰው የት ቁጭ ብሎ ነው የጻፈው?» አሉን። እውነታቸውን ነው። ያ ቁጥር የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የአውቶክሌቩ ጌጅ (የግፊት ማሳያው) የሚያነበው ደግሞ የውስጡ ግፊት ከውጭው አየር ምን ያህል እንደሚበልጥ ብቻ ነው። የውጭው አየር እዚህ ስስ ነው። ስለዚህ ጌጁ 15 ላይ ሲቆም ውስጥ ያለው እንፋሎት 117 ዲግሪ አካባቢ ነው። 121 ለመግባት ጌጁ 18 ተኩል ገደማ ማሳየት አለበት፤ ያውም ውስጡ የነበረው አየር በደንብ ከወጣ ነው። አራት ዲግሪ ምን ያመጣል ትሉ ይሆናል። በተለመደው የማምከን ስሌት 10 ዲግሪ ሲቀንስ የሚያስፈልገው ጊዜ 10 እጥፍ ይሆናል። አራት ዲግሪ ሲቀንስ ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ይመጣል። 15 ደቂቃው 38 ገደማ ሆነ ማለት ነው።

ሙቀቱን በራሱ ሴንሰር የሚለካ አዲስ ማሽን ካላችሁ ይህ ጣጣ አይመለከታችሁም። የእኛ ዓይነት፣ ክብደት የሚጫንበት አሮጌ ከሆነ ግን ክብደቱን ራሳችሁ እንዳትጨምሩ! ቫልቩ የተሠራበት ልክ አለው። ጊዜውን አርዝሙ፣ ከዚያ በስፖር (ሙቀት በሚቋቋም የባክቴሪያ ዘር) ሞቶ እንደሆነ ፈትሹት። መስመሩ የሚጠቁረው ቴፕ እቃው መሞቁን እንጂ መምከኑን አይናገርም። አልጂኔቱን ራሱን ግን አውቶክሌቭ ውስጥ ባታስገቡት ይሻላል፤ ሙቀቱ ሰንሰለቱን ይቆራርጠውና ይቀጥናል።

ሕያው ሕዋስ ጄል ውስጥ መክተት የምንለማመደው ከሱቅ በገዛነው የዳቦ እርሾ ነው። ፍሬዎቹ መጀመሪያ ይሰምጣሉ። የስኳር ውሃ ሲያገኙ እርሾው ጋዝ ያወጣና አንድ በአንድ ወደ ላይ ይነሳሉ። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሲያዩት ስልካቸውን ያወጣሉ። ጨዋታ ይመስላል እንጂ በ1980 እ.ኤ.አ. ሊም እና ሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳትን በአልጂኔት ሸፍነው ስኳር ለታመሙ አይጦች የሰጡት በዚሁ መንገድ ነበር። እርሾው ርካሽ ነው፤ ቢሞትም ማንም አያለቅስለትም።

ማኅበራዊ ኑሯችንም ደህና ነው። ረቡዕ ረቡዕ አንድ ሰው ፔፐር ያቀርባል፣ አንዱን ሥዕል በአማርኛ አስረድቶ ነው የሚቀመጠው። እኔ በበኩሌ ከጥያቄና መልሱ ይልቅ ይቺን ደንብ እወዳታለሁ፤ ያልገባው ሰው ወዲያው ይታወቃል። ቡናው ኮሪደር ላይ ነው፣ ወደ ውስጥ ሲኒ አይገባም። ጥር 11 ሲቃረብ ረጅም ሙከራ አንጀምርም። ከተማው በሙሉ ፋሲለደስ መዋኛ ወርዶ ማን ኢንኩቤተር ይጠብቃል?

ቀጥሎ ጄሉ ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጣ እንለካለን፦ ደረቁን መመዘን፣ መንከር፣ እንደገና መመዘን። እስከዚያው ግን አንድ ነገር ተባበሩን። ደብረ ብርሃን፣ ባሕር ዳር ወይም ጅማ ያላችሁ፣ አውቶክሌቫችሁ 121 ዲግሪ ሲገባ ጌጁ ስንት እንደሚያነብ ጻፉልን። ከፍታችሁንም ጨምሩበት። ሠንጠረዥ አዘጋጅተን በር ላይ ልንለጥፈው ነው።