የሃምሳ ዓመቱ ሲኒየሬ

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሲኒየር ማለት በሁለት ዓመት የቀደመኝ ልጅ ነበር። ያረጀ ሃንዳውት ያወርስሃል። የትኛው መምህር ያምናውን ፈተና እንደሚደግም ይነግርሃል። ፍሬሽ ነህ ብሎ ትንሽ ያሾፍብሃል። በቃ። አሜሪካ መጥቼ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚባለው የሁለት ዓመት ኮሌጅ ስገባ ያገኘኋቸው ሲኒየር ግን የሃምሳ ዓመት ሰው ናቸው። ሦስት ልጆች አሏቸው። የመጀመሪያው ከእኔ የሚያንሰው በሁለት ዓመት ብቻ ነው።

የተገናኘነው ዋሽንግተን ዲሲ መሃል ከተማ፣ ከመሬት በታች ያለ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። እኔ በዲቪ ከመጣሁ አራት ወሬ ነበር። እሳቸው ማታ ማታ ካሸር ናቸው፣ እኔ መኪና አቆማለሁ። እዚያች የመስታወት ክፍላቸው ውስጥ፣ ከገንዘቡ መሳቢያ አጠገብ፣ ሁሌ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ተከፍቶ ይቀመጣል። መጽሐፍ ቅዱስ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ሳይ አካውንቲንግ ነው።

"ጋሼ፣ ይሄን ለማን ነው የሚያነቡት?" አልኳቸው። ለልጃቸው መስሎኝ።

"ለሐሙስ ፈተና" አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

አምስተኛ ሴሚስተራቸው ነበር። በሴሚስተር ሁለት ክላስ ብቻ ነው የሚወስዱት። ያን ሰሞን እኔ ትምህርት የሚባለውን ነገር "ከተደላደልኩ በኋላ" ብዬ ትቼው ነበር። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከፌዴራል መንግሥት የትምህርት እርዳታ ማግኘት እንደሚችል የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ማመልከቻው፣ ፋፍሳ የሚባለው ፎርም፣ መሙያው ነፃ እንደሆነም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የማውቀው ልጅ ለሚሞላለት ሰው ከፍሎ ነበር። እርዳታው ፔል ግራንት ይባላል፣ እንደ ብድር አይመለስም። በ2023 እና 2024 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ለሚማር ድሃ ይሄ ብዙ ገንዘብ ነው። በ2023 ፎል በሚሉት የመጀመሪያው ሴሚስተር ተመዘገብኩ። የአገር ቤቱን ትራንስክሪፕቴን ሳላስገመግም እንደ አዲስ ጀመርኩ። ይሄ ራሱ አንድ ስህተት ነው፣ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

አምስት ክላስ ነው የወሰድኩት። 15 ክሬዲት። ቶሎ ልጨርስ ብዬ።

ጋሼ ይሄን ሲሰሙ አልተቆጡም። አንድ የፓርኪንግ ቲኬት አነሱና ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመሩ። "ክላስ ውስጥ 15 ሰዓት። እዚህ አገር ለአንድ ክሬዲት በሳምንት ሁለት ሰዓት የቤት ጥናት ይታሰባል፣ 30። እዚህ ከእኔ ጋር 40። ስንት ሆነ?"

"85።"

"እንቅልፍ በቀን ሰባት፣ 49። ሳምንቱ 168 ሰዓት ነው። ቀንስ።"

ቀነስኩ። 34 ሰዓት ይተርፋል። እንደውም ደስ አለኝ፣ "ጋሼ፣ ተርፎኛል እኮ!" አልኩ።

ሳቁ። "እሺ፣ ትርፏን ታያታለህ" ብለው ቲኬቱን ሰጡኝ።

ትርፏን አየኋት። ባስና ባቡር በቀን ሁለት ሰዓት ይበላል። ልብስ ማጠብ አለ፣ ማብሰል አለ፣ ለአገር ቤት መደወል አለ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ማናጀሩ "ዛሬ ሰው ቀርቷል፣ ትቆይልኛለህ?" የሚለው አለ። ጥቅምት ላይ ባቡር ውስጥ ቆሜ መተኛት ተማርኩ። የምሬን ነው፣ ቆሜ።

በዚህ መሃል አንዱን ክላስ ተውኩት። የታሪክ ክላስ ነበር፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ። ከማታ ሺፍት ወጥቼ እዚያ ስደርስ መምህሩ ሲያወራ ድምፁ ይርቅብኛል። አንድ ቀን ቀረሁ። ሁለተኛም ቀረሁ። ከዚያ መቅረቱ ራሱ አሳፈረኝና ጭራሽ ላሽ አልኩ። ካልሄድኩ ራሳቸው ስሜን ይሰርዙታል ብዬ ነው ያሰብኩት። ማንም ምንም አላለኝም። እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ለጋሼ እንኳ ደበቅኳቸው፣ ቲኬቷን ያስታውሱኛል ብዬ።

ታኅሣሥ ላይ ውጤት ወጣ። ሁለት ቢ፣ አንድ ሲ፣ ሁለት ኤፍ። አንዱ ኤፍ ሒሳብ ነው፣ ደክሜበት የወደቅኩት። ሌላው ያ የተውኩት ክላስ ነው። ጂፒኤዬ 1.6። ጥር ላይ ከፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ሦስት ጊዜ አንብቤው አልገባኝም። ወደ መስታወቷ ክፍል ይዤው ሄድኩ።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፣ "ይሄን ክላስ ስትተወው በወረቀት ነው የተውከው?"

ያኔ ነው የተማርኩት። እዚህ አገር ከክላስ መቅረትና ከክላስ መውጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሴሚስተሩ ሲጀምር ለጥቂት ቀናት ድሮፕ ማድረግ ይቻላል፣ ክላሱ እንዳልተወሰደ ይቆጠራል። ያ ካለፈ በኋላ ደግሞ ዊዝድሮው የሚባል አለ። ትራንስክሪፕትህ ላይ ደብልዩ ይጻፋል። ደብልዩ ጂፒኤህን አይነካም። ቀኑ ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል፣ ግን በየኮሌጁ አካዳሚክ ካላንደር ላይ በግልጽ ተጽፏል። እኔ ክላሱን በተውኩበት ሳምንት ያ ቀን ገና አላለፈም ነበር። ኮምፒውተር ላይ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የሁለት ደቂቃ!

ደብልዩም ቢሆን እንደ ምርቃት አይታይም። የፌዴራል እርዳታ እንዲቀጥል ኮሌጆች ሁለት ነገር ያያሉ። በአብዛኛው አንዱ 2.0 ጂፒኤ ነው። ሁለተኛው ከተመዘገብክበት ክሬዲት 67 በመቶውን ማለፍ ነው። ደብልዩ ለሁለተኛው ስሌት እንደ አልተሳካ ይቆጠራል። እኔ ከ15 ያለፍኩት 9 ነው፣ 60 በመቶ። በሁለቱም ወደቅኩ። ለእኔ ደብዳቤው ማስጠንቀቂያ ነበር፣ እርዳታው ለአንድ ሴሚስተር ይቀጥላል። ያኔም ካልተስተካከለ ይቆማል፣ ይግባኝ ውስጥ ይገባል።

"አሁን 12 ውሰድ" አሉኝ ጋሼ። ለምን እንደሳቸው 6 አልወስድም ብዬ ጠየቅኳቸው። ከ12 በታች ስትወርድ ፔሉም አብሮ ይወርዳል፣ 6 የያዘ ግማሹን ገደማ ነው የሚያገኘው። እሳቸው ልዩነቱን ከኪሳቸው ይከፍላሉ፣ እኔ አልችልም። ስለዚህ 12 ክሬዲት፣ ሥራው ደግሞ ወደ 25 ሰዓት ተቆረጠ። ኪራይ ላይ ከሁለት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ገባሁ። (በተማሪ ቪዛ ለመጣ ሰው ይሄ ምርጫ የለም። እሱ ያለ ፈቃድ ከ12 ክሬዲት በታች መውረድ አይችልም፣ ሥራውም ካምፓስ ውስጥ ነው፣ ትምህርት እያለ ከ20 ሰዓት አያልፍም። የእኔን ምክር እንዳለ ገልብጣችሁ እንዳትወስዱ።)

በዚያ ሴሚስተር ሁለተኛዋን ሲኒየሬን አገኘሁ። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ክላስ ውስጥ ነበረች። ወደ ሠላሳ ስምንት ዓመት ይሆናታል፣ የሁለት ልጆች እናት፣ አዛውንቶች መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች፣ ነርሲንግ ለመግባት ቅድመ ኮርሶቹን እየጨረሰች ነው። ሁሌ ከፊት ነው የምትቀመጠው። እንግሊዝኛዋ ከእኔ አይሻልም። እጇን ግን በየአስር ደቂቃው ታነሳለች። መጀመሪያ ላይ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ታሳፍረኝ ነበር።

አንድ ቀን ከክላስ ስንወጣ "አንተ፣ ስንት አገኘህ?" አለችኝ። ደበቅኩ። ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀችኝ። ሲ ማይነስ። "ኦፊስ አወር ሄደህ ታውቃለህ?"

ኦፊስ አወር መምህሯ ቢሮዋ ውስጥ ሥራ የምትሠራበት ሰዓት ይመስለኝ ነበር። በዚያ ሰዓት አትረብሹኝ ለማለት በር ላይ የለጠፈችው። እሷ እስክታለቅስ ሳቀች። ለካ ተማሪ እንዲመጣ ነው ሰዓቱ።

ማክሰኞ ሄድኩ። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አነበብኩ። ትክክለኛው ሰዓት ነው። ውኃ ጠጥቼ ተመለስኩ። ወረቀቱን እንደገና አነበብኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፣ አጮልቄ ሳይ መምህሯ ካሮት እየበላች ነው። ሰው እየበላ እንዴት ይገባል? ተመልሼ ወደ ባሱ ሄድኩ።

ሐሙስ ዕለት እህቴ (አሁን እንዲህ ነው የምጠራት) ክንዴን ይዛ ወሰደችኝ። በሩን ራሷ አንኳኳችና ጥላኝ ሄደች። መምህሯ ቀና ብላ አየችኝና በትሕትና "የየትኛው ሴክሽን ተማሪ ነህ?" አለችኝ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጫለሁ! አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም። ግን አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም። ዝም ብሎ ማዳመጥ ጨዋነት ነው ብዬ ያደግኩ ልጅ ነኝ። እዚያ ክላስ ደግሞ ተሳትፎ ብቻውን ከመቶ አስር ይይዛል።

ጽሑፌን ተቀበለችኝና ታነብ ጀመር። እርሳሷ አንደኛው ገጽ ላይ አልቆመም። ሁለተኛው ላይም አልቆመም። መጨረሻው አንቀጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ከበበችና ቀስት አድርጋ እስከ መጀመሪያው ገጽ አናት ድረስ ሳበችው። "ማለት የፈለግከው ይሄን ነው። ከዚህ ጀምር" አለችኝ። አስራ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ይሄን ለእህቴ ስነግራት "አዎ" አለች፣ "እኛ ዙሪያ ጥምጥም ሄደን ነው ነገሩ ላይ የምንደርሰው። እዚህ ወርቁ ይቀድማል፣ ሰሙ ይከተላል።" ከዚያ በኋላ የጻፍኩትን ሁሉ መጀመሪያ ከመጨረሻው አንቀጽ ነው የማነበው። አብዛኛውን ጊዜ ወርቁ እዚያ ተቀብሮ አገኘዋለሁ።

ሌሎቹ ምክሮቻቸው ትናንሽ ናቸው። መጽሐፍ የመጀመሪያው ሳምንት ሳያልፍ አትግዛ፣ ላይብረሪ ውስጥ ሪዘርቭ በሚባለው፣ እዚያው ተነቦ በሚመለሰው መደርደሪያ ላይ ሊኖር ይችላል። ጽሑፍህን አብሮህ የሚያይ ሰው ያለበት ራይቲንግ ሴንተር ነፃ ነው፣ አሜሪካኖቹም ይሄዳሉ። የቤት ሥራህን ለማንም አታውስ። በዚህኛው ዘግይተውብኛል፣ የላብ ሪፖርት ለአገሬ ልጅ ሰጥቼ ሁለታችንም ዜሮ አግኝተናል። አገር ቤት ኩረጃ የኮረጀው ጥፋት ነው፣ እዚህ የሰጠውም እኩል ተጠያቂ ነው። ልጁን እምቢ ማለት አሁንም ይከብደኛል። "ና አብረን እንሥራ" እለዋለሁ፣ ከዚያ ለየብቻ እንጽፋለን።

የሰዓቱን ነገር ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። አንድ የቤት ሥራ "ረቡዕ 12፡00 ኤኤም" ይላል። እኔ ረቡዕ ማታ በእኛ አምስት ሰዓት ላይ፣ አንድ ሰዓት ቀድሜ፣ በኩራት አስገባሁ። ሃያ ሦስት ሰዓት ዘግይቻለሁ። ለካ የእነሱ ረቡዕ የሚጀምረው እኛ ማክሰኞ ሌሊት ስድስት ሰዓት የምንለው ላይ ነው። ጋሼ እንዲህ ያለውን ሁሉ አንድ ቀን አስቀድመው ነው ካላንደራቸው ላይ የሚጽፉት። "ቀኑ ሲቀየር እኔ ተኝቼ መሆን አለብኝ" ይላሉ።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ስለ ትምህርት ያልሆነው ነው። ፈተና ሳምንት ላይ ከአገር ቤት ስልክ አይቋረጥም። እዚያ ሲነጋ እዚህ የመኝታ ሰዓት አይደል? የታመመ አለ፣ የሚያገባ አለ፣ ብር የቸገረው አለ። ስልክ ባጠፋ እናቴ የሞትኩ ነው የሚመስላት። እህቴ "የፈተናህን ቀኖች ቀደም ብለህ ለእናትህ ንገራት" አለችኝ። ነገርኳት። እናቴ ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆመችው፣ ፈተና የሚባል ነገር ከማንም በላይ ታከብራለች። ያን ሳምንት ማንም አልደወለልኝም። በኋላ እንደሰማሁት አጎቴን ሳይቀር "ልጁ ፈተና ላይ ነው፣ ስልክ የሚነካ ወየውለት" ብላ አስጠንቅቃለች። እስከ ዛሬ በየሴሚስተሩ ቀኑን ጠይቃ ትመዘግባለች።

የዚያ ሴሚስተር 12ቱንም ክሬዲት አለፍኩ። ጂፒኤዬ 2.3 ደረሰ፣ ማስጠንቀቂያውም ተነሳ። እህቴ አሁን ነርሲንግ ውስጥ ናት። ጋሼ በ2025 ተመረቁ። ጋውናቸውን ለብሰው ከሦስቱ ልጆቻቸው ጋር የተነሱት ፎቶ መስታወቷ ክፍል ውስጥ፣ ከመሳቢያው በላይ ተለጥፏል። ሰኞና ረቡዕ አሁንም ይገባሉ፣ ቀን ቀን ግን የአንድ ቢሮ ሒሳብ ይይዛሉ።

ባለፈው ወር ፓርኪንጉ አዲስ ልጅ ቀጥሯል። ከመጣ ሦስት ወሩ ነው፣ ኮሌጅ ተመዝግቧል። 15 ክሬዲት። ቲኬት አንስቼ ጀርባው ላይ ደመርኩለት። ልጁ ቀነሰና "34 ሰዓት ይተርፋል እኮ ብሮ!" አለኝ። ጋሼ መስታወቱ ውስጥ ሆነው እየሰሙ ነበር፣ ወዲያ ዞሩ፣ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ልጁ 15ቱን ወሰደ። ስልኩን ተቀብዬ የዊዝድሮው መጨረሻ ቀኑን ካላንደሩ ላይ አስገብቼለታለሁ። ከቀኑ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ይጮኻል።