ለተኛ መንጋ የሚዜም ዜማ

እኔም እንደ ብዙው የኮሎራዶ፣ የዴንቨርና የአውሮራ ከተሞች አበሻ የትልቅ ጭነት መኪና መሪ የጨበጥሁት አሜሪካ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከጎኔ ተቀምጦ ያሠለጠነኝ ሰው ኦክላሆማ ውስጥ ከከብት አርቢ ቤተሰብ ተወልዶ ያደገ፣ ስድሳ ዓመት የተሻገረ፣ ቃል የሚቆጥብ ሽማግሌ ነበር። ከዊችታ ካንሳስ ተነሥተን በሪፈር (በማቀዝቀዣ ተሳቢ) ምግብ ጭነን ወደ ፎርት ዎርዝ ቴክሳስ ስንወርድ ሬዲዮ አይከፍትም፤ በላስቲክ ካሰራቸው ሲዲዎች አንዱን መዝዞ ያጫውትና ድምፁን ዝቅ ያደርገዋል። ሁሉም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የተቀረጹ የዘፋኝ ካውቦዮች፣ ማለትም በፊልምና በሬዲዮ እንደ ፈረሰኛ ከብት ነጂ ሆነው የሚዘፍኑ ሰዎች ዜማዎች ነበሩ።

«የካንትሪ ሙዚቃ ትወዳለህ ማለት ነው» ስለው ራሱን ነቀነቀና «ይሄ ዌስተርን ነው» አለኝ። ልዩነቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ካንትሪ ባመዛኙ ስለ ቤት፣ ስለ መጠጥና ስለ ተለየች ሚስት ያወራል፤ ዌስተርን ግን ስለ ሣር፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ፈረስ ነው የሚያዜመው። ከጊታር፣ ከቫዮሊንና ከባስ ብዙም አይርቅም፤ ከበሮ እምብዛም አይሰማበትም። ሦስት ወንዶች ሦስት የተለያየ ድምፅ ይዘው እኩል ሲነሡና እኩል ሲወድቁ፣ ማሲንቆው ዘፋኙን ተከትሎ አንዱን ዜማ ሲያጅብ መስማት ለለመደው ጆሮዬ መጀመሪያ እንግዳ ነገር ሆኖበት ነበር። በኋላ ግን በጣም ከመውደዴ የተነሣ የመካከለኛውን ድምፅ ብቻ ለይቼ ለመስማት እየሞከርሁ ብዙ ኪሎ ሜትር ነድቻለሁ። አንድ ወዳጄ ይህን ሙዚቃ «የፈረንጅ ትዝታ» ይለዋል፤ እኔ አልስማማም። ትዝታ የሄደን ሰው ያለቅሳል፤ ይህ ዜማ ግን ፊቱ ያለውን አገር እያየ ነው የሚዘፍነው፤ ለእኔ ይበልጥ የሚቀርበው ለእረኛ ዋሽንት ነው።

አንድ ሌሊት ጣቱ በመሪው ላይ ቀስ እያለ ምት ሲመታ አየሁና ዘፈኑ ለምን እንደማይቸኩል ጠየቅሁት። የሚሄድ ፈረስ እርምጃ እንደሆነ ነገረኝ፤ ቀጥሎም በዚያን ጊዜ የምንነዳበት አውራ ጎዳና ቁጥር 35 የጥንቱን የቺዝም የከብት መንገድ ተጠግቶ እንደሚሄድ፣ እኛም ያንን መንገድ ወደ ኋላ እየወረድን እንደሆነ አስረዳኝ። እ.ኤ.አ. ከ1867 ጀምሮ ሃያ ዓመት በማይሞላ ዘመን ሚሊዮኖች የቴክሳስ ከብቶች በእግራቸው ወደ ሰሜን፣ ካንሳስ ድረስ ወደመጣው ባቡር ተነድተዋል። አንዱ መንጋ ሁለት ሺህ ወይም ሦስት ሺህ ከብት ሊሆን ይችላል፤ ነጂዎቹ ግን አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ትልቁ ፍርሃት የሚመጣው ሌሊት ነበር፤ የክብሪት ጭረት ወይም የጭራሮ ስብራት መንጋውን ካስደነበረው በጨለማ ሜዳ ላይ የሚያቆመው የለም። ስለዚህ ሁለት ተረኞች በተኛው መንጋ ዙሪያ አንዱ በቀኝ ሌላው በግራ እየዞሩ ያዜሙ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ከእናቶቻቸው የተማሩትን የቤተ ክርስቲያን መዝሙር። ድምፁ ለከብቶቹ ሰውየው የት እንዳለ ይነግራቸዋል፤ ድንገት ከጨለማው ብቅ ብሎ አያስደነግጣቸውም። ለፈረሰኛውም እንቅልፍ ማባረሪያው ነው።

ይህን ስሰማ የአባቴ አውድማ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ጎጃም ውስጥ በታኅሣሥ የጨረቃ ሌሊት ጤፍ ስናበራይ በሬዎቹ ነዶውን እየረገጡ ይዞራሉ፤ አባቴ ልምጩን በትከሻው ላይ አጋድሞ ከኋላ ከኋላ እየሄደ ያዜምላቸዋል፤ ልምጩ ግን አንድም ጊዜ ጀርባቸው ላይ አያርፍም። ዜማው ውስጥ ከስማቸውና ከምስጋናቸው በቀር ሌላ ቃል አልነበረም፤ አንዱ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ቦራ፣ ሌላው ዳልቻ ይባሉ ነበር። እዚያ ከብቱ እየዞረ እንዳይቆም ይዘፈንለታል፤ እዚህ ሰው እየዞረ ከብቱ እንዳይነሣ ይዘፍንለታል። ለሽማግሌው በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ይህን ስነግረው ሲዲውን አጠፋና «እስቲ ዘፈኑን ልስማው» አለኝ። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ዘፋኞቹ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ። ይህ ሙዚቃ የሆሊውድ ፈጠራ ነው እያሉ የሚያጣጥሉት ሰዎች አሉ፤ እውነትም ነው፣ በፊልምና በሬዲዮ የገነኑት አብዛኞቹ ካውቦይ ሆነው ከብት ነድተው አያውቁም። ጂን ኦትሪ ሥራ በቀዘቀዘ ሰዓት ጊታር የሚመታ የባቡር ጣቢያ ቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበር፤ ዝናው ገንኖ በ1941 ከዚሁ አውራ ጎዳና በስተምሥራቅ ያለች አንዲት የኦክላሆማ ትንሽ ከተማ ስሟን በእሱ ስም ለወጠች። ሮይ ሮጀርስ የተወለደው ኦሃዮ ውስጥ ሲንሲናቲ በምትባል ትልቅ ከተማ ነው፤ ካሊፎርኒያ ገብቶ ኮክ ለቅሟል፣ ለመንገድ ሥራ ጠጠር የሚያመላልስ መኪናም ነድቷል። ይህን ያነበብሁ ቀን የሥራ ባልደረባ ያገኘሁ ያህል ደስ ብሎኛል። ከእሱ ጋር ሰንስ ኦፍ ዘ ፓዮኒየርስ የተባለውን ቡድን የመሠረተውና ከሁሉም አብልጬ የምወደው ገጣሚ ቦብ ኖላን ደግሞ ካናዳ ተወልዶ በልጅነቱ አሪዞና የገባ ስደተኛ ነው። በረሃውን በዚያ ሁሉ ፍቅር የገጠመው የበረሃው ተወላጅ ስላልነበረ ይመስለኛል፤ ተወላጁ የሚያልፈውን ነገር መጤ ቆሞ ያየዋል። ነፋስ እያንከባለለ የሚወስደውን ደረቅ ቁጥቋጦ የካውቦዩ ምልክት ያደረገውም የእሱ ዘፈን ነው። ያ ቁጥቋጦ ራሱ በ1870ዎቹ ከሩሲያ በመጣ የተልባ ዘር ውስጥ ተደባልቆ ሳውዝ ዳኮታ የገባ እንግዳ ነው፤ አሁን በነፋስ ቀን መንገዱን እያቋረጠ ከመኪናዬ አፍንጫ ጋር ሲላተም ኖላንን እያሰብሁ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ።

የሚያሳዝነኝም ነገር አለ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚገምቱት በከብት መንገዶቹ ላይ ከነበሩት አራት ካውቦዮች አንዱ ያህል ጥቁር ነበር፤ ብዙዎቹም በባርነት የተወለዱ ናቸው። በሌሊት ጥበቃው ከተዜመው ውስጥ የእነሱ ድምፅ ትልቅ ድርሻ እንደነበረው አልጠራጠርም፤ በፊልሞቹ ላይ ግን ፊታቸው ጠፋ። ሄርብ ጄፍሪስ በ1937 ተዋናዮቹ ሁሉ ጥቁሮች በሆኑበት ፊልም ዘፋኝ ካውቦይ ሆኖ ብቅ ባይል ኖሮ የዚያ ዘመን ጥቁር ልጆች የሚመስላቸውን ሰው በዚያ ኮርቻ ላይ ሳያዩ ባደጉ ነበር። የእሱን ድምፅ ያገኘሁት በራሴ ፍለጋ ነው፤ ከሽማግሌው ሲዲዎች መካከል አልነበረም።

ሽማግሌው ጡረታ ሲወጣ ሲዲዎቹን ከነላስቲኩ ሰጠኝ። ባለፈው ጥር ኦክላሆማንና ቴክሳስን ከሚያዋስነው ከቀይ ወንዝ በፊት ነዳጅ ልቀዳ ቆሜ ሳለ ከብት የጫነ ተሳቢ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ ቡና ሊገዛ ገባ፤ ከብቶቹ በብርዱ ውስጥ ብረቱን በሰኮናቸው እየደበደቡ ይተራመሱ ነበር፤ በቀዳዳዎቹ እንፋሎታቸው ይወጣል። ጠጋ ብዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የአባቴን ዜማ ጀመርሁላቸው፤ ቦራን ጠራሁ፣ ዳልቻን ጠራሁ። አንዲት ቀይ ጊደር አፍንጫዋን ቀዳዳው ላይ አድርጋ ጆሮዋን ወደ እኔ አዞረች። ቀና ስል ሾፌሩ ቡናውን እንደያዘ፣ የመኪናውን በር ሳይከፍት፣ እስክጨርስ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር።